የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፦ ለበዓል ወይስ ለአንባቢ?

ከመቂ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ፣ ምደባው አዳማም ይሁን አሰላ፣ ሐዋሳም ይሁን አዲስ አበባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የግቢውን ላይብረሪ ማየቱ አይቀርም። በሩ ላይ መታወቂያ ያሳያል፣ ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ ተፈትሾ ይገባል። ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግረው የለም። ስለዚህ ወንበር ፈልጎ ይቀመጥና ከደብተሩ መካከል ሀንድአውቱን ያወጣል። ብዙው ተማሪ እስኪመረቅ የሚቆየው በዚሁ ልማድ ነው። ቤቱን ለጸጥታው፣ ለመብራቱና ለወንበሩ ይወደዋል፤ ከመጻሕፍቱ ጋር ግን ሳይተዋወቅ ይወጣል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ቤተ መጻሕፍት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች ሁሉ ወጪው አነስተኛ የሆነው የጭብጥ ዐውደ ርእይ ነው። አንድ ጉዳይ ይመረጣል፤ ስለዚያ ጉዳይ የሚናገሩ መጻሕፍት ከየመደርደሪያው ተለቅመው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሽፋናቸው ወደ አንባቢው ይዞራል፤ አጭር ማብራሪያ ይታከልበታል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በአገራችን ይህ ሥራ ከየት መጣ? ዛሬ ምን ይመስላል? ለማን ነው የሚዘጋጀው? የእኔ ሙግት አንድ ነው፦ ዐውደ ርእይ መነሳት ያለበት ከበዓል መቁጠሪያ ሳይሆን ከአንባቢው ጥያቄ ነው፤ የሚመዘነውም ስንት ሰው እንዳየው ሳይሆን ስንት መጽሐፍ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በውሰት እንደወጣ ታይቶ ነው።

ሥሩ

መጽሐፍን ለሕዝብ ማሳየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመቂ ብዙም በማይርቀው በደምበል ሐይቅ፣ ብዙዎች ዝዋይ በሚሉት፣ ደሴቶች አሉ። ከእነሱ ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ የሚገኘው የደብረ ጽዮን ገዳም የብራና መጻሕፍቱን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው፣ በዮዲት ዘመን ከሰሜን የሸሹ ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው ወደዚህ ሐይቅ መጡ። በእንዲህ ያሉ ገዳማት እንግዳ ሲመጣ ካህኑ መጽሐፉን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ይፈታሉ፣ ቅጠሉን በራሳቸው እጅ ይገልጣሉ፣ ሥዕሉን እያመለከቱ ይተርካሉ። ጠባቂው፣ አሳዪውና ተራኪው አንድ ሰው ናቸው። ዘመናዊው ዐውደ ርእይ የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች፣ ጥንቃቄ፣ ምርጫና ትረካ፣ በዚያ ቀድመው ተገኝተዋል።

አንባቢ በአገሩ ምን መጽሐፍ እንዳለ ይወቅ የሚለው ሐሳብ በኅትመት ዘመን ትልቅ ባለቤት ያገኘው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው አወጡት። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ተቋቁሞ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ከያዛቸው ቅርሶች 12ቱ በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ ቤተ መጻሕፍትና ዐውደ ርእይ የተወለዱት ከአንድ እጅ ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ መጻሕፍት ከመሰብሰብ ጎን ለጎን መስቀሎችን፣ ሥዕሎችንና የቤት ዕቃዎችን ይለቅሙ ነበር። ያ ስብስብ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም መሠረት ሆነ። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንባቢው ስለ አንድ ዕቃ አንብቦ ዕቃውን በዓይኑ ማየት ቻለ። በኋላ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህን ጥምረት ይዘውት አልሄዱም። ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ሆነ፤ ሙዚየም ከተገኘ ለብቻው ቆመ። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አገር ኾይናትስኪ የጀመሩት መንገድ ሊቀጥል የሚገባው ነበር።

ዛሬ የሚታየው

በግቢዎቻችን የምናያቸውን የመጻሕፍት ዐውደ ርእዮች በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የበዓል ዐውደ ርእይ ነው። የካቲት 23 የአድዋ ድል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲደርስ ጠረጴዛ ይወጣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ መጻሕፍት ይደረደራሉ፣ እንግዶች ሪባን ይቆርጣሉ። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የዚህ ዓይነቱ ጥቅም አይካድም፤ አመራሩን ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚያመጣ አጋጣሚ ነው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ስለ አድዋ መጽሐፍ አይቶ ልቡ የተነሣሣ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ጠረጴዛውን አያገኘውም።

ሁለተኛው «አዲስ የገቡ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መደርደሪያ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን አዲስነት ጭብጥ አይደለም። የሒሳብ፣ የነርሲንግና የሕግ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ስለገቡ ብቻ ጎን ለጎን ሲቆሙ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ነገር የለም።

ሦስተኛው የሽያጭ ዐውደ ርእይ ነው። መጻሕፍት ሻጮች ግቢ ተጋብዘው ድንኳን ይዘረጋሉ። በአዲስ አበባ «ንባብ ለሕይወት» በሚል ስም የተካሄደው ትልቅ ዝግጅት ለዚህ ዓይነቱ መነሣሣት ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። ግቢ ውስጥ ሲሆን ግን የቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ስብስብ ከጨዋታው ውጭ ይቀራል፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪም ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አራተኛው የቅርስ ዐውደ ርእይ ነው፤ ብራናው፣ የድሮው ጋዜጣ፣ የነገሥታት ደብዳቤ በመስታወት ውስጥ ሆኖ የሚታይበት። ይህ መከበር ያለበት ዘርፍ ነው፤ ደንቡም ከሌሎቹ ይለያል። ብራናና አሮጌ ወረቀት ብርሃን ይጎዳቸዋል፤ የጥበቃ ባለሙያዎች የሚመክሩት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥና አንድ ገጽ ለወራት ተገልጦ እንዳይቆይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ባለበት ከተማ፣ በመስኮት አጠገብ በቆመ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ብራና ማስቀመጥ ማለት እያሳዩ ማበላሸት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጥሩ ቅጂ ማሳየትና ዋናውን በጨለማ ማቆየት ይሻላል።

አራቱንም ስንመለከት አንድ የጋራ ነገር እናያለን። በአንደኛውና በአራተኛው መጽሐፉ ይታያል እንጂ አይነካም፤ በሦስተኛው የሚነካው የከፈለ ነው፤ ሁለተኛው ይነካል፣ ግን ሐሳብ የለውም። ሐሳብ ያለው፣ የሚነካና ወደ ቤት የሚወሰድ መጽሐፍ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ብርቅ ነው። ችግሩ በቤት ስፋት የሚፈታም አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት የመያዝ አቅም እንዳለው ተነግሯል። መደርደሪያው በሰፋ ቁጥር አንባቢው ይበልጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚመርጥለት ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ከመንገድ ዳር የሚገኝ ትምህርት

በአገራችን መጽሐፍን ማሳየት ከሁሉ በላይ የሚያውቁበት የመንገድ ዳር ሻጮችና አዟሪዎች ናቸው። አዲስ አበባም ሆነ አዳማ አንዱን አዟሪ ቆም ብሎ ማየት በቂ ነው። ከእጅ አንጓው ጀምሮ እስከ አገጩ የሚደርስ የመጻሕፍት ክምር ታቅፏል። የመጻሕፍቱ ጀርባ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ርእሱ ሳይሸፈን ይነበባል። ከላይ ያለው ሰሞኑን ሰው የሚያወራለት ነው፤ መካከል ላይ ሁልጊዜ የሚፈለጉት አሉ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመሳሰሉት። ደንበኛው ከታች አንዱን ከጠቆመ፣ ክምሩ ሳይናድ መጽሐፉ ይወጣል። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጠው ደግሞ ሽፋኑን ወደ ሰማይ ያደርጋል፤ ትናንት ያልተነካውን ዛሬ ቦታ ይቀይርለታል፤ የሚያገላብጠውን አላፊ አያባርርም። እነዚህ ሰዎች የላይብረሪ ሳይንስ አልተማሩም፤ የዕለት እንጀራቸው ግን መጽሐፍና አንባቢን በማገናኘት ላይ ስለተመሠረተ ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሦስት ነው፦ ሽፋኑ ይታይ፤ ቦታው ይቀያየር፤ አንባቢው ይንካ። አራተኛ የሚጨመር ካለ ደፋር ምርጫ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም.፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትመው የታገዱ መጻሕፍት ናቸው። «አንድ ወቅት እንዳይነበቡ የተደረጉ» በሚል ርእስ ሥር እነዚህን ያስቀመጠ ቤተ መጻሕፍት ስለ አገሪቱ የኅትመት ታሪክ አንድ ሴሚስተር የሚፈጅ ጥያቄ ያስነሣል። በአሜሪካ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የታገዱ መጻሕፍት ሳምንት ይከበራል፤ ቤተ መጻሕፍትም እንዲህ ያለውን ጠረጴዛ ዘወትር ያዘጋጃሉ። እኛም ለዚህ የሚሆን የራሳችን መጽሐፍ ሞልቶናል።

የዓለም ልምድ

ሕንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ያወጡት አምስት ሕግ ዛሬም በየላይብረሪ ትምህርት ቤቱ ይማሩታል። መጽሐፍ የተሠራው ለመጠቀሚያ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው፤ የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ፤ ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ሕያው አካል ነው። የጭብጥ ጠረጴዛ ሦስተኛውን ሕግ በሥራ ላይ የሚያውል ነው። በመደርደሪያ ጥግ ለዓመታት ማንም ያላነሣው መጽሐፍም የሚመጥነው አንባቢ አለው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ዐውደ ርእይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2018 እ.ኤ.አ. በለንደን ታይቷል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ጸሐፍትን የብራና ጥበብ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ቤተ መጻሕፍቱ ከያዛቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰዱት ዋነኛ ቦታ አላቸው። በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአያቶቻቸውን እጅ ሥራ በቅርበት አዩ፤ የመመለሱ ጥያቄም በድጋሚ ተነሣ። ቅርሱ የማን ነው የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ነው። እዚህ ላይ የምጠቅሰው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ያልታየ መጽሐፍ ስለማይጠየቅለት ዝም ይላል፤ የታየ መጽሐፍ ግን ያነጋግራል።

ለስምጥ ሸለቆ የሚሆን ጠረጴዛ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ በጀመረው ግቢ፣ ወይም በአሰላው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከአካባቢው ጥያቄ የሚነሣ ጠረጴዛ ምን ሊመስል ይችላል? ሦስት ጭብጥ ላቅርብ።

አንደኛው ሽንኩርት ነው። የመቂ ሕይወት በሽንኩርትና በቲማቲም ላይ ቆሟል፤ የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ስሙ በአገሪቱ የታወቀ ነው። ከአዳማ አቅራቢያ በሚገኘው በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል «አዳማ ሬድ» እና «ቦምቤ ሬድ» የተባሉ የሽንኩርት፣ «መልካ ሳልሳ» እና «መልካ ሾላ» የተባሉ የቲማቲም ዝርያዎች ለገበሬው ተለቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የምርምር ማዕከሉ የአመራረት መመሪያ ይቀመጥ። ከጎኑ ስለ አካባቢው የአትክልት ገበያ የተሠራ፣ በጠንካራ ልባስ የተጠረዘ የመመረቂያ ጽሑፍ፤ ዋጋ በአንድ ወር ለምን እንደሚንርና ለምን እንደሚወድቅ፣ የደላላው ድርሻ ምን እንደሆነ የሚናገር የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ፤ የውኃ ፓምፕ አሠራር የሚያስረዳ የመካኒካል ምሕንድስና መጽሐፍ፤ ስለ ማቀዝቀዣ መጋዘን፤ ሽንኩርት ሲቆረጥ ዓይን ለምን እንደሚያስለቅስ የሚያብራራ የኬሚስትሪ መጽሐፍ። ከላይ አንድ ጥያቄ በትልቁ ይጻፍ፦ «ሽንኩርት ሲረክስ የሚከስረው ማነው?» አባቱ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚተክል ተማሪ ይህን አይቶ አያልፍም። የሚማረው ምሕንድስናና የቤቱ ኑሮ በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ ያያል።

ሁለተኛው ደምበል ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። ላይኛው ሐይቅ ላይ ፓምፑ ሲበዛ ታችኛው ሐይቅ ይሸሻል፤ የአቢጃታ ዳርቻ ዓመት ከዓመት እየራቀ መሄዱን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የሥነ ውኃ፣ የዓሣ ሀብት፣ የመሬት ሕግና የአበባ እርሻ መጻሕፍት፣ የደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ ታሪክና ገዳማት፣ የሳተላይት ምስሎችና ካርታዎች አንድ ላይ ሲቀርቡ፣ በየዲፓርትመንቱ ተበታትኖ የሚጠናው ሐይቅ አንድ ሐይቅ ይሆናል።

ሦስተኛው የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ነው። ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ኦነሲሞስ የመሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታትመዋል፤ ሁለቱም በግእዝ ፊደል። በ1991 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ በይፋ ተመረጠ፤ ተከትሎም ልቦለዱ፣ ግጥሙና የመማሪያ መጽሐፉ ጎረፈ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የዘለቀውን ጉዞ በአንድ ጠረጴዛ ማሳየት ለኦሮምኛ ተናጋሪው ኩራት፣ ለሌላው ትውውቅ ነው።

እንቅፋቱ የት ነው?

ይህ ሁሉ በገንዘብ እጦት አይደለም የቀረው። ጠረጴዛውም መጻሕፍቱም አሉ። ትልቁ እንቅፋት የንብረት ተጠያቂነት ነው። መጽሐፍ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደ ወንበርና እንደ ኮምፒውተር በሞዴል 19 የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ ከጎደለ የሚጠየቅ ሰው አለ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለ ባለሙያ ብርቅ የሆነውን መጽሐፍ በክፍት ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ቢፈራ አይፈረድበትም። መጽሐፍ ያልተነበበበት ቤተ መጻሕፍት አይጠየቅም፤ መጽሐፍ የጎደለበት ግን ይጠየቃል። ደንቡ እስካልተስተካከለ ድረስ ስብከት ብቻውን ዋጋ የለውም። ለአገልግሎት በሚዘረጉ መጻሕፍት ላይ የተወሰነ የጉድለት ጣሪያ ቢፈቀድ፣ ባለሙያው ጠባቂ ከመሆን ወጥቶ አስተዋዋቂ ይሆናል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማው ተቃውሞ «ተማሪው አሁን በስልኩ ነው የሚያነብበው፤ ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ያወርዳል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ያወርዳል። ግን ስልክ የሚሰጠው የተጠየቀውን ነው። እንዳለ የማያውቀውን መጽሐፍ ማንም አይፈልግም፤ ጠረጴዛው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ማጋባትም ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ክምችት እያስቀመጡ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አጠገብ ኪውአር ኮድ ቢለጠፍ ተማሪው በሕጋዊ መንገድ በስልኩ ይዞት ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

በአንድ ሴሚስተር ሁለት ጭብጥ፣ በአንድ ጭብጥ ሃያ ሠላሳ መጽሐፍ ይበቃል። ጭብጡን ቤተ መጻሕፍቱ ብቻውን አይምረጠው፤ አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች አብረውት ይሁኑ። ርእሱ ጥያቄ ይሁን። መጽሐፉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በውሰት ይመዝገብ፤ የተነሣው ቦታ በሌላ ይተካ። ሲያበቃ የተዋሱት ይቆጠሩ፤ ያልተነሡት ለምን እንዳልተነሡ ይጠየቅ። የሚቀጥለው ጠረጴዛ በዚህ ቆጠራ ላይ ይሠራ።

ከዚያ ጠረጴዛው ከግቢው ይውጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የጀመሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በጋሪ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ልጅን ከሩቅ እንደሚጠራ አሳይተዋል። መቂ ጋሪም አህያም ሞልቷታል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን የላትም። ስለ ሽንኩርትና ስለ ደምበል አዳማ ላይ የተዘጋጀው ጠረጴዛ የመጻሕፍቱን ቅጂ ይዞ ለሁለት ሳምንት በመቂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢያርፍ ከዩኒቨርሲቲው የሚጠበቀውን የማኅበረሰብ አገልግሎት በተግባር ይፈጽማል። የገበሬው ልጅ ስለ እርሻው የተጻፈውን ከመመደቡ በፊት ካነበበ፣ ግቢ የሚገባው ጥያቄ ይዞ ነው። ጥያቄ ይዞ የሚገባ ተማሪ ደግሞ መደርደሪያ አያስፈራውም። የአዳማና የአሰላ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ጠረጴዛ ያውጡ፤ የመቂ ርእሳነ መምህራን ደብዳቤ ጽፈው ይጠይቋቸው። ሥራው ከዚህ በላይ የሚጠብቀው ነገር የለም።